መቀስ ከመነሳቱ በፊት

እስኪ አሁኑኑ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። መስታወት ፊት ቁሙና ጸጉራችሁን በማበጠሪያ ጫፍ ልክ በመሀል ለሁለት ክፈሉት። ፊታችሁን ረጋ ብላችሁ እዩት። ከዚያ መስመሩን ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ አሽሹትና እንደገና እዩ። ቀጥሎ ደግሞ ወደ ቀኝ። ምንም አልተቆረጠም፣ ምንም አልተቀባም፤ ፊቱ ግን ተለወጠ አይደል? አንዱ ላይ አፍንጫ ጎላ ይላል፣ ሌላው ላይ ጉንጭ ሰብሰብ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ ዓይን ቀድሞ ይታያል። አንዲት መስመር ይህን ያህል ከሠራች፣ ሰፈራችን ያለችው ትንሽ ጸጉር ቤት ገብተን ስንት ነገር ልንሞክር እንደምንችል አስቡት!

በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የማምንበት አንድ ነገር አለ። የሚያምርባችሁን አሠራር የምታገኙት ከሚመለሰው ጀምራችሁ ወደማይመለሰው በቅደም ተከተል ስትሄዱ ነው። መስመር ወዲያው ይመለሳል። ሹሩባ በአንድ ከሰዓት ይፈታል። በቢጉዲን የተጠቀለለ ጸጉር አንዴ ሲታጠብ ወደ ነበረበት ይገባል። የተቆረጠ ጸጉር ወራት ይጠይቃል። በሪላክሰር የለሰለሰው ግን ጨርሶ አይመለስም፤ አዲሱ ከሥር እስኪበቅል መጠበቅ ነው። ብዙዎቻችን ታዲያ ከመጨረሻው እንጀምራለን። ስልክ ላይ ያየነውን ፎቶ ዘርግተን «እንደዚህ አድርጊኝ» እንላለን፤ ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ግንባሯም፣ የጸጉሯ ዓይነትም፣ አንገቷም የእኛ እንዳልሆነ ትዝ የሚለን ቤት ከገባን በኋላ ነው።

የሰፈር ጸጉር ቤት ለዚህ ሙከራ ትመቻለች የምለው በምክንያት ነው። ትልልቆቹ ሳሎኖች ውስጥ አንዷ ታጥባለች፣ ሌላዋ ፎን ታደርጋለች፣ ሦስተኛዋ ትቆርጣለች። ኮንዶሚኒየም ሥር ባለችው፣ ሁለት ካስክና ሦስት ወንበር፣ በሯ ላይ መጋረጃ፣ ጥግ ላይ የጀበና ቡና ባለባት ቤት ግን ከእጥበት እስከ ቅባት የምትሠራችሁ ያችው አንዷ ሴት ናት። ጸጉራችሁ በክረምት ምን እንደሚመስል፣ ከወሊድ በኋላ የት የት እንደሳሳ፣ የትኛው ጎን ቶሎ እንደሚሰባበር እጇ ያውቀዋል። ዛሬ የሞከራችሁትን በሚቀጥለው ሳምንት ታስታውሳለች። «ባለፈው በጎን ስንከፍለው ነበር ያማረብሽ» የምትል ሴት ማግኘት ትልቅ ሀብት ነው።

አሁን ወደ ፊት እንምጣ። ክብ፣ ረዥም፣ የልብ ቅርጽ፣ ማዕዘን እያሉ ፊትን የሚመድቡ ሥዕሎችን ሁላችንም አይተናል። እኔ ብዙም አልተማመንባቸውም፤ አብዛኛው ሰው ከሁለት መደብ መሀል ነው የሚወድቀው፣ ከዚያ የትኛው እንደሆነ ሲያሰላስል ይውላል። ይልቅ ጸጉራችሁን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሰብስባችሁ ያዙና ሦስት ቦታ እዩ፦ ግንባር፣ የጉንጭ አጥንት፣ መንጋጋ። ከሦስቱ የቱ ነው ሰፊው? ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ሰው ሲያየኝ ዓይኑ መጀመሪያ የት ቢያርፍ ደስ ይለኛል? ጥያቄው ይኸው ነው፤ መልሱ ደግሞ የእናንተ ብቻ ነው። ሰፊ ግንባሯን የምትወድ ሴት የምትደብቅበት ምክንያት የለም።

ዓይን የሚሄደው ጸጉር ወደሞላበት ነው። ጉንጭ አጠገብ የተነፋ ጸጉር ፊትን በጎን ያሰፋዋል። አናት ላይ ከፍ ያለ ጸጉር ያስረዝመዋል። መንጋጋ ላይ የሚያበቃ ጸጉር መንጋጋን ያሳያል፣ አገጭን አልፎ የሚወርድ ደግሞ ዓይንን ይዞ ወደ ታች ያወርዳል። ስለዚህ ጉንጯ ሞላ ያለ ሴት አናቷ ላይ ትንሽ ከፍታ፣ ጎኖቿ ላይ ረጋ ያለ ጸጉር ሲኖራት ፊቷ ዘለግ ይላል። ፊቷ ረዘም ያለው ደግሞ አናቷን ዝቅ፣ ጎኖቿን ሞላ አድርጋ ብትሠራ ይመጥናታል። የመሀል መስመር የሚያደርገውን ደግሞ ልብ በሉ፦ ከአናት ተነስቶ አፍንጫ ላይ ስለሚያርፍ የግራና የቀኝ ፊታችንን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የማንም ሰው ፊት ደግሞ ሁለቱ ወገን እኩል አይደለም። የጎን መስመር ያንን ንጽጽር ይሰብረዋል፤ መሀል ላይ ያልተመቸው ፊት በጎን ሲከፈል ድንገት የሚረጋጋው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስልክ ካሜራ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ስልኩን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይዘን ራሳችንን ስናነሳ፣ አፍንጫችን ከ1 ሜትር ተኩል ርቀት ከሚታየው በ30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ይወጣል። ጆሮና የጎን ጸጉር ደግሞ ይሸሻል። በዚያ ፎቶ ተነስተን «ፊቴ ይሄ አሠራር አይሆንለትም» ብለን ከፈረድን በሌላ ሰው ፊት ላይ ፈረድን ማለት ነው። ሙከራችሁን ስታነሱ ስልኩን ለጸጉር ሠሪዋ ወይም ወረፋ ለምትጠብቀው ጎረቤት ስጡና ሁለት እርምጃ ርቃ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላም ታንሳችሁ። ሰው ከኋላ እያየን ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ እኛ ግን የኋላችንን አይተን ምርጫ የምናደርገው ከስንት አንዴ ነው።

ፊት ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የጸጉሩ ጠባይ ነው፤ እዚህ ጋ ጉዳዩ ይበልጥ ይጣፍጣል። ሉጫ ጸጉር ርዝመቱን እንዳለ ያሳያል። ከርዳዳ ጸጉር ግን ተጠቅልሎ ስለሚያጥር፣ ሲሳብ ትከሻ የሚደርሰው ሲለቀቅ ጆሮ ላይ ሊቆም ይችላል፤ ግማሽ ርዝመቱን ያህል መሰብሰቡ የተለመደ ነው። አንዲት ዘለላ ከግንባር፣ አንዲት ከአናት፣ አንዲት ከማጅራት ለይታችሁ ሳቡና ልቀቋት። ሦስቱ እኩል አይመለሱም! አናት ላይ ጠንከር ያለ ጥቅልል፣ ማጅራት ላይ ላላ ያለ፣ ግንባር ዙሪያ ደግሞ ሉጫ የሚመስል ጸጉር ያላት ሴት ሞልታለች። በፎን ተስቦ የተቆረጠ ጸጉር ታጥቦ ሲደርቅ አንዱ ወገን አጥሮ አንዱ ረዝሞ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ጸጉራችሁን በተፈጥሮው የምትለብሱት ከሆነ፣ ደረቅ እንደሆነና እንደተጠቀለለ ይቆረጥላችሁ።

ከርዳዳ ጸጉር ለምን ቶሎ እንደሚደርቅም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የራስ ቆዳ ቅባት ያመነጫል። በሉጫ ጸጉር ላይ ቅባቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ በከርዳዳ ጸጉር ላይ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል። እናቶቻችን ለጋ ቅቤ አናት ላይ ሲያደርጉ የኖሩት ይህንኑ ጉድለት ሲሞሉ ነው። ቅባት በጸጉሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ቶሎ እንዳይወጣ ይይዛል። ስለዚህ ጸጉር እርጥብ እያለ የተቀባ ቅባት፣ ደርቆ ከተቀባው የተሻለ ይሠራል። አዲስ አበባ ክረምቱ ካለፈ በኋላ አየሩ ደረቅ ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ጫፋችሁ የሚሰባበር ከሆነ አሠራር ከመቀየራችሁ በፊት ትሪትመንት ይቅደም። የተሰባበረ ጫፍ ላይ የትኛውም አሠራር አያምርም።

ወደ ሹሩባ እንሂድ፤ እኔ ረዥሙን ጊዜ የምቆየው እዚህ ነው። ሹሩባን ብዙ ሰው የሚያየው እንደ አንድ አሠራር ነው፤ በእርግጥ ግን ፊት ላይ መስመር መሳያ ነው። መስመሮቹ ከግንባር ተነስተው በቀጥታ ወደ ኋላ ሲሄዱ ግንባር ይገለጣል፣ የጉንጭ አጥንት ይወጣል፣ ዓይን ሳብ ያለ ይመስላል። በሰያፍ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ሲያልፉ ደግሞ ሰፊ ግንባር ጠበብ ይላል፤ ዓይን መስመሩን ተከትሎ ስለሚሄድ ስፋቱን አይለካም። ቀጫጭን ሹሩባ ፊትን ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ወፍራም ሹሩባ ራሱ ጎልቶ ይታያል። ከጆሮ በላይ ቀጭን ተሠርቶ ማጅራት ላይ ሲበተን አንገት ዙሪያ ሙላት ይመጣል፤ ቀጭን መንጋጋ ያላት ሴት ላይ ይሄ እንዴት እንደሚያምር! አልባሶ ደግሞ ወፍራምና ቀጭኑን እያፈራረቀ ወደ ኋላ ስለሚወስድ ከፍታም ስፋትም ባንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ከሀበሻ ቀሚስና ከጌጥ ጋር የሚስማማው ዝም ብሎ አይደለም።

ይህ የመስመር ጥበብ የሴቶች ብቻም አልነበረም። የዐፄ ቴዎድሮስን ምስል አስቡ፤ ያ ወደ ኋላ የተጎነጎነ ሹሩባ ካልታየ ቴዎድሮስን መለየት ይከብደናል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲያርፉ እንግሊዞች ከጸጉራቸው ቆርጠው ወስደው ነበር፤ ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ያንን ጸጉር ለኢትዮጵያ የመለሰው በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ወር ነው። ጸጉር እንደ ቅርስ ተጠብቆ አገሩ የገባበት ጊዜ ነው። በየአካባቢው ደግሞ ዕድሜና ደረጃ በጸጉር ይነገር ነበር፤ ቁንጮ የወንድ ልጅ፣ ሳዱላ ያላገባች ልጃገረድ ነበር። ዛሬም በነሐሴ አጋማሽ ለአሸንዳና ለሻደይ የሚዘጋጁ ልጃገረዶች ሹሩባ ለመሠራት ተራ ይይዛሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምወድለት ሹሩባ አንድ ጥብቅ ነገር ያስፈልገዋል፦ መላላት። ሹሩባ ሠሪዋ ግንባር ላይ ያለውን የመጀመሪያ ጉንጉን ስትይዝ እጇን እዩ። በሦስት ጣቷ ዘለላውን ለሦስት ትከፍላለች፤ ከዚያ እያንዳንዱን ዙር ስታጠብቅ አውራ ጣቷ የራስ ቆዳውን ይጫናል። ቆዳው ከፍ ብሎ ከተነሳ፣ በጉንጉኖቹ መሀል ነጫጭ ነጠብጣብ ከወጣ፣ ቅንድብ ወደ ላይ ከተሳበ፣ በዝቷል። «ሲጠብቅ ነው የሚቆየው» የሚለውን አትስሙ። በየጊዜው የሚሳብ ሥር እየደከመ ይሄድና ከዓመታት በኋላ ማብቀል ያቆማል፤ ሐኪሞች ይህን ዓይነት መመለጥ በ1907 እ.ኤ.አ. ገደማ ግሪንላንድ ውስጥ ጸጉራቸውን አጥብቀው የሚያስሩ ሴቶች ላይ አይተው ጽፈውታል። መጀመሪያ የሚሄደው ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ያለው ለስላሳው ጸጉር ነው፤ ፊትን የሚያለሰልሰው ደግሞ ያው ጸጉር ነው። እሱ ከሄደ በኋላ የሚያምር አሠራር መፈለግ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ «ግንባሬ ላይ ላላ አድርጊልኝ» ማለትን ልመዱ፤ ለትንንሽ ልጆቻችሁማ ሁለት ጊዜ ተናገሩ፤ እነሱ ሲያማቸው ዝም ይላሉ።

ሹሩባ ሲፈታ ደግሞ በማበጠሪያው ላይ የሚሰበሰበውን ጸጉር አይተው የሚደነግጡ አሉ። አትደንግጡ፤ እስኪ አብረን እናስላ። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ጸጉር ይረግፍበታል፤ በአዘቦቱ ቀን ይህ በየትራሱና በየማበጠሪያው ተበትኖ ስለሚሄድ አናየውም። ሹሩባ ውስጥ ግን የረገፈው ከጉንጉኑ አይወጣም። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲፈታ ከ1,000 እስከ 2,000 የሚሆን ጸጉር ባንድ ጊዜ እጃችን ላይ ይገባል። ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ እንክብል ካለው በጊዜው የረገፈ ነው። እንክብል የሌለው፣ አጭርና ሸካራ ቁራጭ ከበዛ ግን የተሰበረ ነውና ለሠሪዋ አሳዩአት።

ቀጣዩ ሙከራ ቢጉዲንና ካስክ ነው፤ ይሄ በጣም የሚገርመኝ ሥራ ነው! ጸጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ቅርጹን የሚይዙለት ማያያዣዎች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። ደካሞቹ የሃይድሮጅን ማያያዣዎች ናቸው፤ ውኃ ሲነካቸው ይለቃሉ፣ ሲደርቁ ደግሞ ጸጉሩ በዚያ ሰዓት የያዘውን ቅርጽ ተከትለው እንደገና ይያዛሉ። እርጥቡን ጸጉር ቢጉዲን ላይ ጠቅልሎ ካስክ ውስጥ መግባት ማለት ይህንኑ መጠቀም ነው። እንግዲህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ የተፈታ ጸጉር ማታ ላይ ይወድቃል፤ መሀል ላይ ያለችውን አንዲት ቢጉዲን አስፈትታችሁ በጣት ዳስሱ፣ ቀዝቀዝ ያለ እርጥበት ከተሰማችሁ ተመለሱ። ሁለተኛ፣ ከካስክ እንደወጣችሁ አትፍቱት፤ ጸጉሩ ቀዝቅዞ ይርጋ። ጥቂት ደቂቃ ቡና እየጠጡ መጠበቅ ቀኑን ሙሉ ያቆየዋል።

የቢጉዲኑ ውፍረት ደግሞ ሙላቱን ይወስናል። ቀጭኑ ጥብቅ ጥቅልል ስለሚሰጥ ጎንን ያሰፋል፣ ወፍራሙ ሥሩን ብቻ አንስቶ ጫፉን ያለሳልሳል። ስለዚህ ለጉንጫም ፊት አናት ላይ ወፍራም፣ ጎን ላይ ቁልቁል የተጠቀለለ፤ ለረዥም ፊት ደግሞ ጎን ላይ ቀጠን ያለው እንዲሆን ጠይቁ። አንድ ሳምንት በዚህ፣ ሌላ ሳምንት በዚያ ብትሞክሩ የምትከስሩት ነገር የለም፤ በእጥበት ሁሉም ይመለሳል። በክረምት ግን አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ራሱ እነዚያን ማያያዣዎች ስለሚያላላ፣ ጠዋት የተሠራ ጸጉር ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል። ከሰኔ እስከ ጳጉሜ ሹሩባን የምመርጠው ለዚህ ነው። እሑድ እሑድ ነጠላ ተከናንባ ለምታስቀድስ ሴትም፣ ሒጃብ ለምትለብስ ሴትም አናት ላይ የተነፋ አሠራር ሥሩ ተጨፍልቆ ይውላል። እነሱ ላይ ከጆሮ በታች ያለው ሙላት ነው የሚቆየው። ሒጃብ ሥር ጸጉርን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ አጥብቆ ማሰርም ያንኑ የግንባር ጸጉር ይጎዳልና የማሰሪያውን ቦታ አፈራርቁ።

ካውያን ወይም ፔስትራን በተመለከተ አጭር እሆናለሁ። እሱም የሚሠራው በእነዚያው ደካማ ማያያዣዎች ላይ ስለሆነ በውኃ ይመለሳል፤ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ግን ኬራቲኑን ራሱን ይጎዳዋል፣ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም። ቀጭን ወይም ቀለም የተቀባ ጸጉር ከ180 ዲግሪ በታች ይበቃዋል። እርጥብ ጸጉር ላይ ካውያ በፍጹም አይነካ። በውስጡ ያለው ውኃ ወዲያው ይፈላና እንፋሎቱ ጸጉሩን ከውስጥ ይበሳዋል፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ ትልቅ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስለዚህ እኛ ጋ መፍላቱ ትንሽ ቀደም ይላል። «ጭስስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የሠሪዋን እጅ ያዙ።

ስፌትና ዊግ ለእኔ ጌጥ ብቻ ሳይሆኑ መለኪያም ናቸው። አጭር ጸጉር ያምርብኝ ይሆን ብላ የምትጨነቅ ሴት መንጋጋ ላይ የሚያልቅ ዊግ አድርጋ መስታወት ፊት ትቁም፤ ግንባር ላይ የሚወርድ ጸጉር የሚያምራት ካለችም እንዲሁ። ብዙ ሠሪዎች ለደንበኛቸው ለአፍታ ቢያስሞክሩ አይከፋቸውም። ብቻ ንጹሕ መሆኑን እዩ፣ የራሳችሁን ጸጉርም በስስ ጨርቅ ሸፍኑ።

ወንዶችም እዚህ ድረስ አብራችሁኝ ካላችሁ፣ ነገሩ ለእናንተም ያው ነው፤ እንዲያውም ይቀላል። ጎኑን ዝቅ አድርጎ አናቱን መተው፣ ማለትም ፌድ፣ ፊትን ያስረዝማል፤ ጎፈሬ ዙሪያውን ስለሚሞላ ረዥም ፊትን ያመጣጥናል። ያልተስማማችሁ ፌድ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የለም።

መቁረጥ። እዚህ ላይ የሚመለሰው ነገር በወር የሚቆጠር ይሆናል። ጸጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ የአንድ ዓመት ዕድገት ነው። «ጫፉን ብቻ» የሚለው ትእዛዝ ለእናንተና ለእሷ አንድ ላይሆን ስለሚችል በጣት አሳዩ፦ ዘለላውን ያዙና «እዚህ ጋ ይቁም» በሉ፣ ከዚያ ልቀቁትና ተጠቅልሎ የት እንደሚደርስ ሁለታችሁም እዩ። ግንባር ላይ የሚወርድ ጸጉር ስታስቆርጡ መጀመሪያ ከቅንድብ በታች፣ ዓይን እስኪነካ ድረስ ይተውላችሁ፤ ሲደርቅ ከፍ ይላል፣ ከበዛ ይጨመርበታል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ የፊቱን ብቻ አስቆርጡና የኋላውን ለወር አቆዩት። ጥሩ ሠሪ በዚህ አትከፋም።

ሪላክሰር የመጨረሻው በር ነው። ከላይ ሁለት ዓይነት ማያያዣ አለ ብዬ ነበር፤ ብርቱዎቹ የሰልፈር ማያያዣዎች ናቸው፣ ጥቅልሉን አጽንተው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ውኃም ካውያም አይፈታቸውም። ሪላክሰር ግን ይበጥሳቸዋል። የአልካሊነት መጠኑ በፒኤች ልኬት ከ12 እስከ 14 ይደርሳል፤ የራስ ቆዳ ደግሞ 5.5 አካባቢ ነው። ስለዚህ የሚያቃጥለው የሠሪዋ እጅ ከፍቶ ሳይሆን መድኃኒቱ ራሱ ብርቱ ስለሆነ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን ራሳችሁን አትከኩ፣ አትታጠቡ፤ የተጫረ ቆዳ ላይ አይደረግም። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ አይታለፍ፣ «ትንሽ ቻይው» አይባልም። በሁለተኛው ዙር የሚነካው አዲስ የበቀለው ሥር ብቻ ነው። ሪላክሰር በተደረገ ማግስት ጠበቅ ያለ ሹሩባ መሠራት ደግሞ ሁለቱን ጉዳት በአንድ ሥር ላይ መደራረብ ነው፤ ሁለት ሳምንት ቢያርፍ እመርጣለሁ። ቀለምም ከዚሁ ወገን ነው፤ ጥቁር ቀለም ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ከ48 ሰዓት በፊት ክንዳችሁ ላይ በትንሹ ተቀብታችሁ እዩ።

ይህን ሁሉ የምትነጋገሩበት ሰዓትም ይወስናል። ቅዳሜ ከሰዓትና የበዓል ዋዜማ ወረፋው በር ድረስ ነው፤ ሠሪዋ እጇ ሦስት ራስ ላይ ነው፣ ምክር የምትሰጥበት ትንፋሽ የላትም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሂዱ። ጸጉራችሁን በተፈጥሮው አድርጋችሁ ሂዱ፤ ቅባት ሳይበዛበት፣ ሳይታሰር። ከመቀመጣችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ፣ ከዚያ «ምን ልሥራሽ?» ስትላችሁ ወዲያው አሠራር አትጥሩ። ይልቅ ኑሯችሁን ንገሯት፦ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምትነሱ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ ዝናብ እንደሚያገኛችሁ፣ ስፖርት እንደምትሠሩ፣ መነጽር እንደምታደርጉ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ልትመጡ እንደምትችሉ። ፎቶ ካሳያችሁም ጸጉሯ የእናንተን የሚመስል ሴት ፎቶ ይሁን፣ ደግሞ የማትፈልጉትንም አንድ ጨምሩበት፤ «ይሄን አልወድም» የሚለው ብዙ ጊዜ ከ«ይሄን እወዳለሁ» የበለጠ ግልጽ ነው። እዚያ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች አስተያየት መስጠታቸው አይቀርም። ስሟቸው፤ ግን የሚመለስ ነገር ላይ ብቻ። መቀስና መድኃኒት ላይ የምትወስኑት እናንተና የምትሠራችሁ ሴት ናችሁ።

ጥር ላይ ሙሽራ ወይም ሚዜ የምትሆኑ ካላችሁ፣ ሙከራውን ከሁለት ሳምንት በፊት አድርጉት። የምትለብሱትን ቀሚስ የአንገቱን ቅርጽ የሚያሳይ ፎቶና የጆሮ ጌጡን ይዛችሁ ሂዱ፤ ረዥም ጉትቻ ጎን ላይ ከተነፋ ጸጉር ጋር ይጣላል። ሹሩባ ከሆነ ከሰርጉ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ይሠራ፣ ቆዳው ይረጋጋል። ቢጉዲን ወይም ካውያ ከሆነ ደግሞ ያን ቀን መብራት ቢጠፋ ምን እንደምታደርግ ሠሪዋን ቀድማችሁ ጠይቋት፤ በአቅራቢያው ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ከሌላት ከወዲሁ በሹሩባ ላይ ተስማሙ።